እማዬን ካናዳ ለመላክ፦ የጎብኚ ቪዛ ያለ ደላላ እንዴት ይሞላል

እህቴ ካናዳ ወለደች። እማዬም «ልጄን አራስ ቤት ሳልጠይቃትማ አልቀርም» ብላ ተነሳች። ቪዛ የሚባለው ነገር ገና ሳይነሳ የገንፎው እህል ተፈጨ፣ የአጥሚቱ ተቆላ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ሰፈራችን ነው። ሰፈር ውስጥ «ቪዛ ያስጨርሳል» የተባለ ሰው ነበር። ፓስፖርቷንና የባንክ ስቴትመንቷን ወሰደ፣ ብሩንም ወሰደ። ከሁለት ወር በኋላ የእምቢታውን ደብዳቤ ፎቶ በቴሌግራም ላከልንና ስልክ ማንሳት ተወ። ያመለከተው በራሱ ኢሜይል ስለነበር ምን ብሎ እንደሞላ እንኳ ገብተን ማየት አልቻልንም።

ሁለተኛውን እኔው ሞላሁት። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ መብራት ባለ ቀን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ። ተፈቀደ። ልጁ እስከዚያ ዳዴ ማለት ጀምሮ ስለነበር አራስ ጥየቃው ልደት ሆነ፤ ምን ይደረግ።

ከሁለቱ ማመልከቻዎች የገባኝ አንድ ነገር ነው። ፋይላችሁን የሚከፍተው ኦፊሰር የእኛን ኑሮ አያውቅም። ዕቁብ ምን እንደሆነ፣ እናትና ልጅ ለምን አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም እንደሌላቸው፣ ካርታ የሚባለው ወረቀት ምን እንደሚያረጋግጥ፣ እኛ ጋ ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ሁሉ እሱ ጋ ሲደርስ እንቆቅልሽ ነው። ጠርቶም አይጠይቃችሁም። ለዚህ ቪዛ ቃለ መጠይቅ እምብዛም የለም፣ አብዛኛው በወረቀት ተጀምሮ በወረቀት ያልቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁን ሁሉ ስትሠሩ «ይህን ወረቀት የማያውቀኝ ሰው ቢያየው ምን ይገባዋል?» እያላችሁ ሥሩ።

የትኛው ቪዛ?

እኛ «የጉብኝት ቪዛ» የምንለው በካናዳ ወረቀት ላይ «ጊዜያዊ ነዋሪ ቪዛ» ይባላል። «ነዋሪ» የምትለዋ ቃል አታሳስታችሁ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። ቪዛው እስከ 10 ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ሊሰጥ ይችላል፤ ይሄ ግን 10 ዓመት መቀመጥ ማለት አይደለም። ባንድ ጉዞ የሚፈቀደው ቆይታ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ ይህንንም የሚወስነው እዚያ ስትደርሱ የሚቀበላችሁ የድንበር ኦፊሰር ነው። ቪዛው የፓስፖርቱን ዕድሜ አያልፍም። ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ ከተቃረበ መጀመሪያ እሱን አሳድሱ።

ለወላጅና ለአያት ብቻ የተዘጋጀ ሌላም አለ፤ ሱፐር ቪዛ ይሉታል። ባንድ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ያስቀምጣል። ግን ጋባዡ ልጅ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የተወሰነ ገቢ ማሳየት አለበት፣ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል፣ ወላጅ ደግሞ የጤና ምርመራ ያደርጋል። ኢንሹራንሱ ዕድሜው ለገፋ ሰው ርካሽ አይደለም። «ከተለመነ አይቀር ረጅሙ ይለመን» የሚል አጎት አይጠፋም፣ እኛም ጋ ነበር። እማዬ የፈለገችው ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ብለን ጠየቅን።

ስምና ቀን

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብዙ ሰው «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ የሚያልፈው፣ ብዙ ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የእኛ ፓስፖርት የአያትን ስም «ሰርኔም» ላይ፣ የራስንና የአባትን ስም «ጊቭን ኔም» ላይ ያስቀምጣል። ፎርሙ ላይም ልክ እንደዚያው ፊደል በፊደል ገልብጡ። የእማዬ አያት ስም በእንግሊዝኛ ፓስፖርቷ ላይ አንድ ዓይነት ነው፣ ባንክ ላይ ሌላ፣ ፋይዳዋ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። ሦስቱንም ለማስተካከል አትሩጡ፣ ዕድሜ ልካችሁን ይፈጃል። ባንኩ ካርድና ፓስፖርት አይቶ የሚያስተካክለውን አስተካክሉ፤ ለቀረው «ሦስቱም የአንድ ሰው ስም ናቸው፣ ልዩነቱ የመጣው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲጻፍ ነው» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ማብራሪያችሁ ውስጥ አስገቡ።

ሌላው ነገር፣ እናትና ልጅ። እማዬ በአባቷና በአያቷ ነው የምትጠራው፣ እህቴ በአባታችንና በወንድ አያታችን። ካናዳ ላለ ሰው የሁለቱ ስም ምንም አይገናኝም። እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትቀይር፣ ልጅም የእናቱን ስም እንደማይወስድ ማን ይንገረው? የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ዝምድናቸውን የሚያሳይ አንድም ወረቀት አልተያያዘም ነበር። በሁለተኛው የእህቴን የልደት ሰርተፍኬት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት አወጣን፤ የእናት ስም ተጽፎበታል፣ ሥራውን የሠራው እሱ ነው። ከኮሌጅ ምርቃቷ አንድ ፎቶ፣ ከሠርጓም አንድ ጨመርን። አልበሙን ሁሉ አትላኩ።

ቀኑ ደግሞ። እማዬ የተወለደችው ለአስተርዮ ማርያም ነው፤ ጥር 21 ቀን 1949። በፈረንጅ ጃንዋሪ 29 ቀን 1957 ማለት ነው። አንዱ ትርጉም ቤት ዓመቱ ላይ 7 ደምሮ 1956 አድርጎ ሰጠን። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ላይ 7 ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ወሩና ቀኑም ይቀየራል፣ ጥር 21 ጃንዋሪ 21 አይሆንም። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ራሱ ስህተት ከሆነስ? ፎርሙን በፓስፖርቱ ሙሉት፣ ስህተቱን በማብራሪያው ጻፉት።

የባንክ ስቴትመንት

ደላላው «አካውንቷ ባዶ ነው፣ ይሄን ይዤ አልገባም» አለን። ከዘመድ ከጎረቤት 600 ሺህ ብር አሰባስበን አስገባን፣ በሳምንቱ ስቴትመንት ወጣ፣ በነጋታው ብሩ ለየባለቤቱ ተመለሰ። በኋላ ያንን ስቴትመንት ረጋ ብዬ አየሁት። አምስት ወር ሙሉ ጡረታ ይገባል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ሺህ ብር፣ ሁለት ሺህ ብር። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ዱብ ያለ 600 ሺህ። እኔ ራሴ ኦፊሰር ብሆን አላምንም። የአንድ ጡረተኛ መምህርት ደብተር እንደዚህ አይልም።

ስለዚህ የተበደራችሁትን ብር አታስገቡ። ትንሽም ቢሆን የራሳችሁን፣ የመጣበት የሚታወቀውን አሳዩ። የ6 ወር ስቴትመንት ከባንኩ ማኅተም ጋር አውጡ፣ ከሱም ጋር የሒሳብ ማረጋገጫ ደብዳቤ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ እስኪብርቶ ይዛችሁ እያንዳንዱን ከፍ ያለ ገቢ ክበቡና «ይሄ ከየት መጣ?» በሉ። እማዬ ላይ አንድ ብቻ ነበር፣ 120 ሺህ ብር፣ የዕቁብ ዕጣ። የዕቁቡን ዳኛ «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ስላቸው ሳቁብኝ፤ «ለካናዳ መንግሥት? የኛን ዕቁብ?» አሉ። ጻፉ። ሰላሳ ሰው ነን፣ በወር አራት አራት ሺህ እንጥላለን፣ በዚህ ቀን ዕጣው ለእሳቸው ደረሰ። ዳኛውና ጸሐፊው ፈረሙ፣ ማኅተም የለም። የዕቁቡን ደብተር የዚያን ቀን ገጽ ፎቶ አንስቼ አብሬ አያያዝኩት። ማኅተም የለውም ብላችሁ እንዲህ ያለውን ወረቀት አትተዉ፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

የጉዞውን ወጪ የሚችለው ጋባዡ ከሆነ ደግሞ እማዬን ሀብታም ለማስመሰል መልፋት ለምን አስፈለገ? እህቴ ነች የምትከፍለው። የእህቴ የሥራ ደብዳቤ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀቶች፣ ከካናዳ ገቢዎች የሚላክላት የዓመቱ የግብር ማስታወቂያ፣ የባንክ ስቴትመንቷና የቤት ኪራይ ውሏ ገባ። የእማዬ ጡረታ ጡረታ ነው፣ እንደዚያው ቀረበ።

«ትመለሳለች ወይ?»

የሁሉም ነገር መቋጫ ይህች ጥያቄ ናት። የካናዳ ደንብ እንደሚለው አመልካቹ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ እንደሚወጣ ኦፊሰሩ ማመን አለበት። ካላመነ ይከለክላል። ማሳመኑ የእናንተ ሥራ ነው።

እማዬን የሚመልሳት ምንድን ነው? አባዬ አይሄድም፣ እዚህ ነው፤ የጋብቻ ሰርተፍኬት ገባ። ታናሽ ወንድሜ ገና ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የተማሪነት ደብዳቤ ገባ። ቤቱ በስሟ ነው፣ የኮንዶሚኒየሙ ውልና የባንክ ብድሩ የሚከፈልበት ደረሰኝ ገባ። የጡረታ መታወቂያዋ ገባ። የደም ግፊት ክትትል ስላላት የሐኪም ቀጠሮ ካርዷንም ላስገባ አስቤ ነበር፤ እህቴ «በሽተኛ ናት፣ እዚያ ልትታከም ነው ብለው ቢያስቡስ» አለችኝ፣ ልክ ነበረች፣ ተውኩት።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል። መቼ እንደተቀጠራችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ደመወዛችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ ፈቃድ እንደተሰጣችሁና መቼ ሥራ እንደምትገቡ ይጻፍበት። «ለሚመለከተው ሁሉ፣ ሠራተኛችን ናቸው» ብቻ የሚል ሁለት መስመር አይረባም። ነጋዴ ከሆናችሁ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የግብር ክሊራንስ። እዚህ ዳር ላይ፣ ገላንም ሆነ ሰንዳፋ፣ አርሶ አደር አባት ያላችሁ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሩንና የቀበሌ ደብዳቤ አስተርጉማችሁ አስገቡ። ከብት፣ የዓመት እህል፣ ሁሉም ይጻፍ። ደመወዝ የሌለው ሰው ሀብት የለውም ማለት እንዳልሆነ የሚያስረዳላችሁ ሌላ ሰው የለም።

ከዚህ በፊት ከአገር ወጥታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያ ይጎዳችኋል። ፓስፖርት ላይ ማኅተም ለማብዛት ብላችሁ ግን ዱባይ ደርሳችሁ አትመለሱ። እማዬም ከአገር ወጥታ አታውቅም ነበር።

የግብዣ ደብዳቤ

ጋባዡ ነው የሚጽፈው። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ገልብጦ ስም መቀየር በጣም ይታወቃል፣ የእኛ የመጀመሪያው እንደዚያ ነበር። ውስጡ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። የተጋባዡ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ስልክ፣ ዝምድናው፣ ለምን እንደሚመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል፣ መቼ እንደሚወጣ። ከጋባዡ በኩል ደግሞ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ መሆኑ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር። የፓስፖርቱ ወይም የነዋሪነት ካርዱ ኮፒ ይያያዝ። እህቴ የሕፃኑን የልደት ወረቀት ጨመረች፤ የጉዞው ምክንያት እሱ አይደል?

ቀኖቹ ይመሳሰሉ። ጋባዥ «ሁለት ወር»፣ ፎርሙ «ሦስት ወር»፣ ማብራሪያው «ስድስት ወር» ካለ ሦስት ሰው ሦስት ተረት ያወራ ይመስላል።

ትርጉምና ስካን

በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ያልሆነ ሁሉ ይተረጎማል፣ ከዋናው ኮፒ ጋር አብሮ ይገባል። አዲሶቹ የወሳኝ ኩነት ሰርተፍኬቶች እንግሊዝኛም አብሮ ስላላቸው ገንዘብ አታውጡባቸው። ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ሂዱ፣ ሲሰጧችሁም ሳትወጡ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ስም፣ ቀን፣ ቁጥር። የ1956ቷን ስህተት ያየሁት ቤት ገብቼ ነው፤ ለአንዲት ቁጥር ብዬ በነጋታው ቃሊቲ ድረስ ተመለስኩ።

ስካኑን በስልክ መሥራት ይቻላል፣ ብርሃን ያለበት መስኮት ሥር፣ አራቱም ማዕዘን እየታየ። ጣት አይግባ። አንድ ዓይነት ሰነዶችን አንድ ፒዲኤፍ ውስጥ አስገቡ። ሲስተሙ የፋይል መጠን ይገድባል፣ ከበዛ አሳንሱት፤ ግን ማኅተሙ እስኪደበዝዝ አይሁን።

የማብራሪያ ደብዳቤ

ማንም አስገቡ ብሎ አያስገድዳችሁም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የለፋሁት በሱ ላይ ነው። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩት፣ እማዬን አጠገቤ አስቀምጬ እየጠየቅኳት። «ለምንድን ነው የምትሄጂው?» «ልጄን ላይ ነዋ!» «መቼ ነው የምትመለሺው?» «ለጥምቀት። አባትህን ማን ያበላዋል?» ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ አንድ ገጽ ተኩል መጣ። ቅኔ አያስፈልገውም። ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደምትሄድ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ምን እንደሚመልሳት። ከዚያ ለኦፊሰሩ እንግዳ የሚሆኑ ነገሮች፣ ስሙ፣ ዕቁቡ፣ ሁለቱ የቀን አቆጣጠር። በመጨረሻም የመጀመሪያው እምቢታና ከዚያ ወዲህ የተለወጠው። እያንዳንዱ ነገር ሥር «ሰነድ ቁጥር 4ን ይመልከቱ» እያልኩ ከፋይሉ ጋር አያያዝኩት።

እየለመናችሁ አትጻፉ። «እባካችሁ፣ በእግዚአብሔር ስም» የሚለው እዚያ አይሠራም።

ፎርሙ

ማመልከቻው በኦንላይን ነው፣ በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ። አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጻፉ። ለእናቱ የሚሞላ ልጅ፣ ክፍያ እስካልተቀበለ ድረስ፣ ይፈቀድለታል፤ በተወካይነት የምትሠሩ ከሆነ አይኤምኤም 5476 የሚባለውን የተወካይ ፎርም እሷ ፈርማ አያይዙ። ገንዘብ ተቀብሎ መወከል የሚችለው ግን በካናዳ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ወይም ጠበቃ ብቻ ነው። የሰፈራችን ሰውዬ ሁለቱንም አልነበረም።

የሥራ ታሪክ የ10 ዓመት ይጠየቃል፣ ባዶ ወር አትተዉ። ሥራ ያልነበራችሁበት ጊዜ ካለ ሥራ አልነበረኝም በሉ፣ ጡረታ ከሆነ ጡረታ። እማዬ መንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማረች ስለሆነች «የመንግሥት ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?» ለሚለው መልሷ «አዎ» ነው፣ ከነዓመቱና ከነቦታው። ውትድርናም ይጠየቃል። አባቶቻችን በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ውትድርና የሄዱ ብዙ ናቸው፣ አትደብቁ፣ የነበሩበትን ቦታና ዓመት ጻፉ።

«ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ?» ይላል፤ የካናዳን ብቻ ሳይሆን የየትኛውንም አገር። ተከልክላችሁ ከሆነ አዎ በሉ። እነሱ ጋ ተመዝግቧል። እምቢታ ብቻውን አያስከለክልም፣ መዋሸት ግን ያስከለክላል፤ ሐሰተኛ መረጃ ወይም የተጭበረበረ ሰነድ ያቀረበ ሰው 5 ዓመት ይታገዳል። ደላላ ዋሽቶ ቢሞላም ተጠያቂው ስሙ የተጻፈው ሰው ነው።

ስትሞሉ በየመሀሉ ሴቭ አድርጉ። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። አንድ ማታ ሁለት ሰዓት የሞላሁት ጠፍቶብኝ ላፕቶፑን ልወረውረው ነበር።

ክፍያና አሻራ

የማመልከቻው 100፣ የአሻራው 85፣ በድምሩ 185 የካናዳ ዶላር። ቤተሰብ አብሮ በአንድ ጊዜ ካመለከተ የአሻራው ጣሪያ 170 ነው። ክፍያው ዓለም አቀፍ ካርድ ይፈልጋል። እኛ እህቴ በካርዷ ከፈለች፣ ደረሰኙም ገባ። ቢከለከሉ የማመልከቻው ገንዘብ አይመለስም።

ከከፈላችሁና ካስገባችሁ በኋላ የአሻራ ደብዳቤ በአካውንታችሁ ይመጣል። ከ14 እስከ 79 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ ይሰጣል፣ አንዴ ከሰጡ 10 ዓመት ያገለግላል። ጊዜው 30 ቀን ነው፤ ወዲያው አዲስ አበባ ባለው የቪኤፍኤስ ማዕከል (ለካናዳ አሻራና ፓስፖርት የሚቀበለው ድርጅት ነው) ቀጠሮ ያዙ። ደብዳቤው ታትሞ፣ ፓስፖርት ተይዞ ይኬዳል። ከቱሉ ዲምቱ የምትነሱ ከሆነ የቃሊቲን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ እኛ በመጀመሪያው ማመልከቻ ጊዜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ቀጠሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ያዝን።

የእማዬ ጣት አልነበብ አለ። ሰላሳ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዛለች፣ ከዚያ የቀረውን ምድጃው ጨርሶታል፣ መስመሩ ጠፍቷል። ልጅቷ በእርጥብ ሶፍት ጠረገችላት፣ የሌባ ጣቷን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ አድርጋ ተጫነችው። አራተኛው ላይ አነበበ። እማዬ «ምነው፣ ሌባ አደረጋችሁኝ» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ትልልቅ ሰው ካላችሁ ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ እጃቸውን ቫዝሊን ቀቡላቸው፣ በቀጠሮው ቀን ግን በደንብ ታጥቦ ይድረቅ።

መጠበቅ፣ ከዚያ ውሳኔው

ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ድረ ገጹ ላይ በየአገሩ ይጻፋል፣ ይለዋወጣልም። ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ። ተጨማሪ ሰነድ ከተጠየቃችሁ በተባለው ቀን ውስጥ መልሱ፤ ስለዚህ ኢሜይሉን በየቀኑ እዩ፣ ስፓሙንም ጭምር።

ሲፈቀድ ፓስፖርት አስገቡ የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ በዚያው ማዕከል በኩል ገብቶ ቪዛው ተለጥፎ ይመለሳል። ወዲያው ስሙንና ቀኑን አንብቡ።

ከተከለከላችሁ ደብዳቤው ምክንያቱን በጥቅሉ ይዘረዝራል፤ የቤተሰብ ትስስር፣ የጉዞው ዓላማ፣ የገንዘብ አቅም እያለ። አሁን አሁን የኦፊሰሩ ማስታወሻ አብሮ የሚላክበት ጊዜም አለ። ካልተላከ ካናዳ ያለ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ በእናንተ የጽሑፍ ፈቃድ በ5 ዶላር ያስወጣዋል። እህቴ የመጀመሪያውን ያስወጣችው እንደዚህ ነው። ስለ 600 ሺህ ብሩ ምንጭም፣ ስለ ዝምድናው ማስረጃም ተጽፎ አገኘነው። ካላየነው እንደገና ያንኑ ፋይል እናስገባ ነበር። ይግባኝ የሚባል የለም። ከውጭ ላመለከተ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ወደ ካናዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፣ ጠበቃው ግን ውድ ነው። ለአብዛኛው ሰው የሚያዋጣው የጎደለውን ሞልቶ እንደገና ማመልከት ነው፤ ምንም ሳይለወጥ በሳምንቱ ማመልከት ግን ዶላር ማቃጠል ነው።

ቪዛው ከወጣ በኋላ

እዚያ ሲደርሱ የድንበር ኦፊሰሩ ይጠይቃል። የግብዣ ደብዳቤው፣ የመመለሻ ትኬቱ፣ የጋባዡ ስልክ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይታሸግ። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ እንደሚፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ጽፋችሁ አስይዙት። ፓስፖርቱ ላይ የመውጫ ቀን ካልተጻፈ ከገቡበት ቀን 6 ወር ነው። መቆየት ካስፈለገ ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ማራዘሚያ ይጠየቃል።

የምግብ ነገር። የያዛችሁትን ሁሉ ሲጠይቋችሁ ተናገሩ፣ በርበሬውንም ሽሮውንም። የሥጋ ዘር ግን ከኢትዮጵያ አይገባም፣ ድርቅ ያለ ቢሆንም። ይህን ለእማዬ ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ቦሌ በር ላይ ሻንጣዋ ከበደኝና ስከፍተው በነጠላ የተጠቀለለ ሁለት ኪሎ ቋንጣ አገኘሁ። «ለአራሷ ነው» አለች። አራሷ ከወለደች ዘጠኝ ወር አልፏታል። ቋንጣውን ይዤ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመለስኩ፣ ከአባዬ ጋር ሳምንት ሙሉ ቋንጣ ፍርፍር በላን።